ሠላሳ ሰከንድ በንያኩሮን

ሰሞኑን በሰፈራችን መብራት አንዴ ከጠፋ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ነው የሚመጣው። ጎረቤታችን ጄኔሬተሩን ግቢው ውስጥ ያስነሳና ጭሱን በሙሉ ወደ እኛ መስኮት ይልከዋል። ልጆቼ ይነጫነጫሉ፣ መስኮቱን ዝጊው ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ወንበሬን አስጠግቼ እቀመጣለሁ። እርጅና መጣባት እየተባባሉ ያዝኑልኝ ይሆናል። ይዘኑልኝ። የናፍጣ ጭስ ለእኔ ጁባ ነው። ስድስት ዓመት እንጀራዬን የበላሁባት፣ ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ እንደገና ሰው የሆንኩባት፣ አንድ ቀን ደግሞ ሰው መሆን ያቃተኝ ከተማ ናት።

ደቡብ ሱዳን ውስጥ ሰላሙ ከወረደ በኋላ፣ ነጻነቱ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ዓመታት ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን የፈለገ ይቁጠረው። ንያኩሮን በሚባለው የጁባ ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ካለበት ማዕዘን ላይ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ከፍቼ ነበር። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶኮፒ ማሽን፣ አንዲት ጄኔሬተር፣ በቃ። ፎቶኮፒ በገጽ አንድ ፓውንድ፣ ጽሕፈት በገጽ አምስት። የታሸገ ውኃ አንድ ፓውንድ፣ በቦዳ ሞተር ከከስተም ገበያ እኔ በር ድረስ ሁለት ፓውንድ፣ ፊቱ አዲስ የሆነ ሰው ከሆነ አምስት። ከሱቄ ፊት ለፊት የአንድ ያገራችን ልጅ ምግብ ቤት ነበር፤ እሱ የኛን አገር የድሮ ኪቦርድ ዘፈን ሲከፍት ከጎኑ ያለው ፀጉር ቤት የኮንጎ ጊታር ይከፍትበታል፣ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ለማጥፋት መዝሙሬን ከፍ አደርጋለሁ። የመሥሪያ ቤት ሰዎች በኮኞ ኮኞ ገበያ የገዙትን ልባሽ ሱፍ በከሰል ካውያ አስተኩሰው፣ በዚያ ሙቀት እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ማመልከቻ ሊያስጽፉ ይመጣሉ። ሱፉ ሰፊም ይሁን ጠባብ ግድ የላቸውም፤ አዲስ አገር ሊያቆሙ ነው፣ በሸሚዝ አይሆንም። ዛሬ ልጄ በቁምጣ ሥራ ሲገባ ሳይ እነዚያ ሰዎች ትዝ ይሉኛል። እኔን ማማ ሙሉ ይሉኝ ነበር። “ማማ ሙሉ፣ ኢታ ከፍ?” ሲሉኝ “ኩዌስ” እላለሁ፤ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የጁባ አረብኛዬ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር።

ከደንበኞቼ አንዱ ኡስታዝ ላዱ ይባላሉ፤ ኡስታዝ እዚያ መምህር ማለት ነው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ኮሌታቸው ሁልጊዜ የነጣ ሰው ናቸው። የትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ ክርክር ውድድር ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለነበሩ የውድድሩን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በእነዚህ ጣቶቼ። አንድ ተናጋሪ ሰባት ደቂቃ አለው። ከሠላሳ ሰከንድ በላይ ዝም ያለ ተናጋሪ ንግግሩን እንደጨረሰ ይቆጠራል፤ ሰዓት ያዡ ደወል ይደውላል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የተደወለበት ቡድን ከውድድሩ ይወጣል። ደንቡ ከክፋት አልመጣም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ልጅ ቃል ጠፍቶበት መድረኩ ላይ እስኪያለቅስ ድረስ ቆሞ ስለነበር፣ እንዲህ ዓይነቱን ስቃይ ለማሳጠር ብለው ነው ያወጡት። እኔም ስጽፈው ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ ነበር።

ሰዓት ያዥ ያደረጉኝም ኡስታዝ ላዱ ናቸው። ከዚያ በፊት የያዙት ሁሉ ለዚህ ጎሳ አድልተዋል፣ ለዚያ ትምህርት ቤት ደቂቃ ጨምረዋል እየተባሉ ተጠልተው ወጥተዋል። “አንቺ ሐበሻ ነሽ፣ ወገን የለሽም” አሉኝ። ክብር ነው ብዬ ተቀበልኩ። የስፖርት መምህራን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ዓይነት የሩጫ ሰዓትና አንዲት የናስ ደወል ሰጡኝ። በከተማው ውስጥ የሆነ ነገር መሆኔ ነው፤ ገበያ ውስጥ ተማሪዎች እየጠቆሙ “ያቺ ናት ሰዓቷ” ይሉኝ ጀመር። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ከዚያ የጉምቦዎቹ ነገር መጣ። ጉምቦ ከድልድዩ ማዶ፣ ከነጭ አባይ ምሥራቅ ነው። እዚያ መምህር ኡጁሉ የሚባል አኙዋክ፣ ኢትዮጵያ በስደት አድገው የተመለሱ ልጆችን በአንድ የቆርቆሮ መጠለያ ሥር ያስተምር ነበር። እነዚህ ልጆች ከእኔ ጋር እንደ አዲስ አበባ ልጅ አማርኛ ያወራሉ፤ ሲናደዱ በእናታቸው ቋንቋ፣ ሲገዙ በጁባ አረብኛ። ኢትዮጵያ ሳሉ ስደተኛ ነበሩ፤ አገራቸው ሲገቡ ደግሞ ሰው ሐበሻ ይላቸዋል። እንግሊዝኛቸው በኛ በኩል የመጣ ስለሆነ “ስኩል” ማለት አቅቷቸው “ኢስኩል” ይላሉ፤ ጁባና ናይሮቢ ያደጉት ልጆች ይሄን ሲሰሙ ሳቁን አይችሉትም። መምህር ኡጁሉ ልጆቹ ይወዳደሩ ብሎ ሁለት ዓመት ለመነ። የተመዘገበ ትምህርት ቤት አይደላችሁም፣ ቁጥራችሁ ትንሽ ነው፣ እንግሊዝኛችሁ አይሰማም ተባለ። ማመልከቻዎቹን የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ መልሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከሁለቱም ወገን አምስት አምስት ፓውንዴን ተቀብያለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ኡስታዝ ላዱ ረገብ አሉ። አንድ ጊዜ ይግቡ፣ ደንቡን አሟልተው ከተናገሩ ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ትምህርት ቤት ይቆጠራሉ፤ መሐል ላይ ከተደወለባቸው ግን ይሄ ጥያቄ ዳግመኛ ወደ ኮሚቴው እንዳይመጣ አሉ። መምህር ኡጁሉ ተስማማ። ምን ምርጫ አለው? የሚናገሩለትን ልጆች ይዞ ሱቄ መጣ፤ ከመሐላቸው አሪየትን ያኔ ነው ያወቅኋት።

አሪየት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ስደተኛ ጣቢያ ተወልዳ፣ ጅማ አንድ ጡረታ የወጡ የኔታ ቤት ነው ያደገችው። ረጅም፣ ጥቁር፣ ዓይኗ ሰው የሚመረምር ልጅ ናት። ሱቄ ስገባ ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች፤ የራሴ ሱቅ ውስጥ፣ ስንት ጊዜ ወጥቼ ብገባ ያን ያህል ጊዜ ትነሣለች። ተይ ልጄ፣ በዚህ ሙቀት ጉልበትሽን ታደክሚዋለሽ እላታለሁ። የኔታ እንዲህ ነው ያሳደጉኝ ትላለች። ትልቅ ሰው ሲገባ ተነሥቶ ኖር ማለት፣ እሳቸው በእግዜር ብለው እስኪቀመጡ አለመቀመጥ፣ ጨዋታም ቢሆን ማቆም። እኔም ያደግሁት እንዲሁ ስለሆነ አንጀቴን በላችው። ዛሬ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ስልኩን እያየ እኔ ቆሜ ስሄድ፣ ያቺ ልጅ ትታወሰኛለች።

ርዕሱ ከብት ወደ ከተማ እንዳይገባ ይከልከል ወይስ አይከልከል የሚል ነበር። ያኔ ሰንጋዎቹ አስፋልቱን ይዘው መኪና ያስቆሙ ስለነበር የሁሉም ሰው ጉዳይ ነው። ሳንቲም ሲጣል ለጉምቦዎች የደረሳቸው ከብቱን መደገፍ ሆነ። አሪየት ሳቀች፤ ሕዝቧ ዓሣና በቆሎ ነው የሚያውቀው፣ እሷም ላም ማለብ አታውቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሱቄ እየመጡ ተለማመዱ። እኔ በሩጫ ሰዓቱ እይዝላቸው ነበር፤ አሪየት ሰባቱን ደቂቃ አንድም ጊዜ ሳትደናቀፍ ትጨርሰዋለች። ሰዓት ያዥ ተወዳዳሪን ማለማመድ እንደማይገባው ገብቶኛል። ፎቶኮፒ ሊያስነሡ ነው የመጡት ብዬ ራሴን አታለልኩ። አንድ ቀን ከኮሚቴው አንዱ ወረቀት ሊያስባዛ ገባና ሰዓቱን እጄ ላይ፣ አሪየትን ቆማ አየ። ምንም አላለም። ያ ዝምታው ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ እሾኽ ይዞኝ ነበር፤ የሱቅ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነው፣ የውጭ ሰው ነኝ፣ ደንበኞቼ በሙሉ እነሱ ናቸው።

ውድድሩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ንያኩሮን አካባቢ በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ማራገቢያው አንድ፣ ሰዉ እስከ በሩ። ዳኞችና ኡስታዝ ላዱ ከፊት ረድፍ፣ ፊታቸውን ወደ መድረኩ አድርገው ተቀምጠዋል። የእኔ ጠረጴዛ ከእነሱ ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር ከፍ ብሎ ነው፤ ተናጋሪው ምልክቴን እንዲያይ ፊት ለፊቱ ነው ያደረጉኝ። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ እኔን ፊት ለፊት የሚያየኝ መድረኩ ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። ሰዓት ያዥ ከተናጋሪ ጋር አንድ ቃል ቢለዋወጥ ቡድኑ ይወጣል፤ እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አሪየት ከመጋረጃ በተሰፋ ግራጫ ቀሚስ ወጣች። መጀመሪያ ላይ “ኢስትሪት” ስትል ከኋላ ተሳቀ። እሷ ግን ቀጠለች። ከተማው ነው ወደ ከብቱ የመጣው አለች፣ ይሄ አስፋልት የግጦሽ መንገድ እንደነበር አያቶቻችሁን ጠይቁ አለች፣ ላሟ ፈቃድ ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ ወይ ብትላችሁ ምን ትመልሳላችሁ አለች። ሳቁ ቆመ። ሽማግሌዎች ራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ደቂቃ አልፏል። መምህር ኡጁሉ ከጥግ ሆኖ እጆቹን አጣምሮ ጸሎት ይዟል። ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢጨመር ጉምቦ ገባ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ብትወድቅም ግድ የለም።

በሩ ተከፈተና የአካባቢው ሹም ገቡ። እዚያ ሱልጣን ይሏቸዋል፤ የከዘራቸው ድምፅ ከፊታቸው የሚቀድም፣ ሰማንያን የተጠጉ ሰው ናቸው። ሰዉ ባለበት ተቀምጦ እጁን ይዘረጋላቸዋል፤ እሳቸውም በየረድፉ እየቆሙ አንድ በአንድ ይጨብጣሉ። እንደ አገሩ ወግ ነውር የለበትም፤ ተናጋሪው መናገሩን ይቀጥላል፣ እሳቸውም መጨበጣቸውን። አሪየት ግን አቆመች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፣ እጇን ከፊቷ አጣመረች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ቆመች። ቃል የጠፋባት መሰላቸው። እኔ ግን ምን እየጠበቀች እንደሆነ ገባኝ፤ በእግዜር ብለው እስኪቀመጡ ነው። ሰውዬው ደግሞ ኢትዮጵያን ረግጠው አያውቁም፤ የምትጠብቀው ቃል በሕይወቷ ሙሉ ብትቆም ከእሳቸው አፍ አይወጣም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለማንም አስረድቼ አላውቅም። ሰውዬው ሲገቡ እኔም ተነሣሁ። አስቤበት አይደለም፤ ጉልበቴ ራሱ ነው የተነሣው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሽበት ሲገባ የሚነሣ ጉልበት ነው። ወደ መቀመጫዬ ስመለስ የሩጫ ሰዓቱን አየሁ፤ ቆሟል። ስነሣ አውራ ጣቴ ቁልፉን ተጭኖታል። ሦስት ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ ይላል፣ አይንቀሳቀስም። ሽማግሌው ገና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ስንት ሰከንድ ቆሜ እንደቆየሁ አላውቅም። አሥር ሊሆን ይችላል። አርባም ሊሆን ይችላል። ቀጥዪ ልጄ ብላት የማዳን አቅም ነበረኝ፣ አንዲት ቃል ናት፤ ያቺ ቃል ግን ራሷ ቡድኑን ታስወጣለች። አዳራሹ ማንሾካሾክ ጀመረ፣ ከኋላ አንዱ ኢስኩል ብሎ ተንሾካሾከ። ኡስታዝ ላዱ ዞረው አዩኝ። ከጎናቸው ያ ሱቄ የገባው የኮሚቴ አባል ዞሮ አየኝ።

“ስንት ሆነ?” አሉኝ ኡስታዝ ላዱ።

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። እኔም ተነሥቼ ነበር፣ ሰዓቱ ቆሟል፣ ልጅቷ ቃል አልጠፋባትም፣ ያሳደጓት እንዲህ ነው ማለት ነበረብኝ። ይሄ ሁሉ በአፌ ሞልቶ ሳለ ያ ሰው እያየኝ ነበር። ወገን የለሽም የተባልኩት ሴትዮ፣ ለሐበሻዎቹ ልጆች ሰዓት አቆመች ሊባል ነው። ፈቃዴ፣ ሱቄ፣ ማማ ሙሉነቴ በአንድ ጊዜ በዓይኔ ላይ ሄዱ። ዓይኔን በጨው አጥቤ “ሠላሳ አልፏል” አልኩና ደወሉን አነሣሁ። ደወሉ ሲጮህ ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ እየተቀመጡ ነበር፤ አሪየትም አፏን ለመናገር ከፍታ ነበር።

ከአዳራሹ ውጭ ኒም ዛፍ ሥር አገኘኋት። መምህር ኡጁሉ ልጆቹን ወደ ፒክ አፑ እየጫነ ነው፣ ከማንም ጋር አያወራም። እሷ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ አባብላት ነበር። ስደርስ፣ እንደ ልማዷ፣ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ተነሣች።

“እትዬ ሙሉ፣ እርስዎም ተነሥተው ነበር” አለችኝ። “ፊት ለፊቴ ነበሩ፤ አይቻለሁ።”

እንድትቀመጥ በእጄ ጠቆምኳት፤ አልተቀመጠችም።

“እኔ መድረክ ላይ ሆኜ ስለ ራሴ መናገር አልችልም። እርስዎ ካልነገሩላቸው ማን ይነግርልኛል?”

ፒክ አፑ ተነሥቶ በድልድዩ አቅጣጫ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ ቀረሁ፤ ከዚያ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ ቦዳዎቹ ሲጠሩኝ አልሰማኋቸውም። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን እጄን አንሥቼ መዘመር አቃተኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ልጆቹን የምወዳቸው ይመስለኝ ነበር። የምወደው ግን ያገሬን ቋንቋ ከአፋቸው መስማት ነበር፤ የእኔን ምቾት ትንሽ ሲነካ አውጥቼ ጣልኳቸው። ይሄን ለራሴ ማለት ጊዜ ወሰደብኝ፤ እስከ ሰኞ ድረስ ደንቡን ነው ስከስ የቆየሁት።

ሰኞ ኡስታዝ ላዱ የውድድሩን ውጤት ሊያስባዙ መጡ። ወረቀቱን ከእጃቸው ሳልቀበል ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መነሣቴን፣ ሰዓቱን፣ ልምምዱን፣ ውሸቴን። የኛን አገር ወግ ለማስረዳት ከወንበሬ ተነሥቼ አሳየኋቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። የተናገሩት ቀስ ብለው ነው፤ ወገን ስለሌለሽ ነበር የመረጥንሽ፣ ለካ አለሽ፣ ካለሽ ደግሞ ባደባባይ ልትቆሚላቸው ይገባ ነበር አሉኝ። ሰዓቱንና ደወሉን ወሰዱ። ጉምቦ በሚቀጥለው ዙር ይግባ አሉ፤ ይሄን ለማለት ኮሚቴያቸውን ተጋፍጠዋል፣ ያን መካድ አልችልም። ደንቡስ ብዬ ጠየቅኋቸው፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ሰዓቱ ቢቆም፣ አንድ መስመር ናት፣ በነጻ እጽፋታለሁ አልኩ። ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው፣ ልጅቷ ትልመደው አሉ። እኩል ነው። ለማይነሣ ሰው እንደተሰፋ ልብስ እኩል ነው። ፈቃዴ በሁለት ሳምንት ታደሰ፤ የፈራሁት ነገር አንዱም አልደረሰብኝም፤ ይሄም ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

አሪየት ከዚያ በኋላ ሱቄ አልመጣችም። መምህር ኡጁሉ ወረቀት ሊያስባዛ ሲመጣ ትለማመዳለች ይለኛል፤ እንዴት ብዬ ስጠይቀው ፈገግ አይልም። እሷ እየተናገረች ሳለ ልጆቹ አንድ በአንድ ሽማግሌ መስለው እንዲገቡባት አዝዛለች፤ ሰው ይገባል፣ እሷ ትናገራለች፣ ጉልበቷ ሲንቀሳቀስ ከመጀመሪያው ትጀምራለች አለኝ። በዚያ ቆርቆሮ ሥር ስንት ቀን እንዲህ እንደዋለች አልነገረኝም።

የሚቀጥለው ውድድር ቀን ድልድዩ ማዶ ዕቃ ላደርስ ሄጄ በመኪና ሰልፍ ተያዝኩ። አዳራሹ ስደርስ ክርክሩ ተጀምሯል። በሩን ቀስ ብዬ ገፋሁት፣ እሱም እንዳቅሙ ጮኸ። አሪየት መድረኩ ላይ ነበረች። አየችኝ። ዓይናችን ተገጣጠመ፤ እኔ በሽበቴ በሩ ላይ፣ እሷ በዓረፍተ ነገሯ መሐል። ድምፅዋ አልተቋረጠም፣ አልዘገየም፣ እግሯም ወደ ኋላ አላለም። እኔን አልፋ ወደ ሰዉ አየችና ቀጠለች። አንድ ወጣት ተነሥቶ ወንበሩን ሰጠኝ፤ አይ፣ ተቀመጥ አልኩት። ሰባቱን ደቂቃ ሙሉ እስክትጨርስና እስክትቀመጥ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋት።